ስለ ከባድ መኪናዎቻችን መስታወት የሚያገባው ማን ነው?



እንደሚታወቀው እኛ በምንኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ በኩል፣ በከባድ መኪና ሥራ የሚተዳደረው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ገሚሱ የራሱን መኪና ገዝቶ ይነዳል። ገሚሱ ደግሞ ለዘመዱ ወይም ለጓደኛው መኪና ሾፌር ሆኖ ያገለግላል። እሁድ ማታ ስንቁን ቋጥሮ፣ ልጆቹን ስሞ የሚወጣና ሲቀናው ዓርብ፣ ሳይቀናው በሁለተኛው ሳምንት የሚመለስ አባወራ በየደጃችን አለ። መሪ የጨበጡ እኅቶቻችንም አሉ። ስለዚህ ስለ ከባድ መኪና መጻፍ ስለ ሰፈራችን እንጀራ መጻፍ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ፍሬንና ጎማ ሁሉም ይጠነቀቅለታል። እኛ የምንጽፈው ስለ መስታወት ነው። በመንገድ ዳር ፍተሻና በሚዛን ጣቢያ፣ በተሰነጠቀ የፊት መስታወት፣ በጠቆረ የጎን መስታወትና በመስታወት ላይ በተለጠፈ ወይም በተንጠለጠለ ዕቃ ምክንያት በሾፌሮቻችን ላይ ስለሚጻፈው ጥፋት ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፦ የመስታወቱ ወጪ የባለመኪናው ነው፤ መዝገቡ ግን የሾፌሩም ጭምር ነው፤ አደጋው ደግሞ የሁላችን ነው። ይህ እየታወቀ ሾፌሩን በተሰነጠቀ መስታወት መንገድ ማስወጣት መቅረት አለበት እንላለን።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሾፌሩ ገና ሳይነሣ፣ «ጋሼ፣ የፊት መስታወቱ እኮ ስንጥቁ እየሄደ ነው» ይላል። ባለመኪናውም፣ «ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ይቺን ጭነት ብቻ አድርስልኝ፤ ስትመለስ ይቀየራል» ይለዋል። ሾፌሩ ይሉኝታ ይይዘውና «እሺ» ብሎ ይወጣል። ሲመለስ ሌላ ጭነት ይጠብቀዋል። ከዚያ ሌላ። ስንጥቁም እንደ ሐረግ ከዳር ተነሥቶ መሐል ይገባል። አንድ ቀን በ81 ቁጥር መንገድ ላይ ፖሊስ ያስቆመዋል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ትኬት አልቆረጠብኝም፣ ወረቀት ብቻ ሰጥቶ ለቀቀኝ» ብሎ ደስ ብሎት የሚመጣ ሾፌር አለ። ወረቀቱ ግን ቀላል ወረቀት አይደለም። ፈታሹ የጻፈው ጥፋት ገንዘብ ባያስከፍልም ወደ ፌዴራሉ መዝገብ ይገባል። ሾፌሮቻችን ኤፍ ኤም ሲ ኤስ ኤ የሚሉት የፌዴራል መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ባቆመው አሠራር መሠረት በድርጅቱ ስም የተጻፈው ጥፋት እስከ 24 ወር ይታሰባል። የቅርቡ ጥፋት ከቆየው ይልቅ ይከብዳል። በሾፌሩም ስም ፒ ኤስ ፒ የሚባል መዝገብ አለ። ሾፌሩ ሌላ ቦታ ሥራ ሲጠይቅና ፈቃዱን ሲሰጥ፣ ቀጣሪው የ3 ዓመት የፍተሻ ታሪኩንና የ5 ዓመት የአደጋ ታሪኩን ያይበታል። ባለመኪናው ነገ መኪናውን ሸጦ ሌላ ሥራ ሊገባ ይችላል። ሾፌሩ ግን የሰው መስታወት ስንጥቅ በስሙ ተጽፎበት 3 ዓመት ይዞት ይዞራል። ይህ ፍርደ ገምድል ነገር አይደለም ትላላችሁ?

በሌላ በኩል ደግሞ ይህን እንወቅ። ንጹሕ ሆኖ ያለፈ ፍተሻም ይመዘገባል፤ ለድርጅቱም ለሾፌሩም መልካም ምስክር ነው። ፍተሻ ሁሉ ጠላት ነው ማለት አይደለም።

እንግዲህ ደንቡ ምን ይላል? የፌዴራሉ ደንብ ቁጥር 393.60 ነው። የተጻፈበት ቋንቋ የጠበቃ ቋንቋ ስለሆነ በእኛ አነጋገር እንዘርዝረው። ከፊት መስታወቱ ላይ ደንቡ የሚጠብቀው ቦታ የታወቀ ነው። ይኸውም ከመሪው የላይኛው ጫፍ ከፍታ ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ሲሆን፣ ከላይ 2 ኢንች፣ ከግራና ከቀኝ ዳር ደግሞ 1 ኢንች አይቆጠርም። በዚህ ቦታ ውስጥ መስታወቱ ያልተጎዳና ያልደበዘዘ መሆን አለበት። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ጉዳት ይፈቀዳል። አንደኛው፣ ሌላ ስንጥቅ ያላቋረጠው ነጠላ ስንጥቅ ነው። ሁለተኛው፣ ስፋቱ በ3/4 ኢንች ክብ የሚሸፈን የጠጠር ምት ሲሆን፣ እሱም እንደሱ ካለ ሌላ ምት ቢያንስ 3 ኢንች የራቀ መሆን አለበት።

ይህን ለመለካት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ፔኒ የምንላት የአንድ ሳንቲም ስፋት ልክ 3/4 ኢንች ናት። አንድ ዶላር ለሁለት ሲታጠፍ ደግሞ ርዝመቱ ወደ 3 ኢንች ይሆናል። ስለዚህ ሾፌሩ ኪሱ ውስጥ አንድ ፔኒና አንድ ዶላር ካለው መስታወቱን ራሱ ሊመረምረው ይችላል። ፔኒዋ ምቱን ከሸፈነችው፣ የታጠፈውም ዶላር በሁለቱ ምቶች መሐል ከገባ፣ በዚህ በኩል ደንቡን አልጣሰም። ሁለት ስንጥቆች ከተገናኙና አንዱ ሌላውን ካቋረጠ ግን ወዲያው ሊቀየር የሚገባው መስታወት ነው። ነጠላ ስንጥቅም ዛሬ ቢፈቀድ ነገ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ስለዚህ ተፈቅዷል ተብሎ አይተኛበትም።

ስለ ጎን መስታወትም ሰው በደንብ አልተረዳውም። በሾፌሩ ግራና ቀኝ ያሉት መስታወቶችና የፊቱ መስታወት ከብርሃኑ ቢያንስ 70 በመቶውን ማሳለፍ አለባቸው። ብዙ ሰው የቤት መኪናውን ልማድ ይዞ ይመጣል። በሜሪላንድ ለቤት መኪና 35 በመቶ ይበቃል፤ በቨርጂኒያ ለፊተኞቹ የጎን መስታወቶች 50 በመቶ ነው። ያ ለቤት መኪና ነው። ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ጭነት የሚያመላልስ ከባድ መኪና የሚተዳደረው በፌዴራሉ 70 በመቶ ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። «የለጠፍኩት ላስቲክ እኮ የ70 ነው» የሚል አለ። መስታወቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ራሱ ጥቂት ብርሃን ያስቀራል። ለምሳሌ ባዶው መስታወት 80 በመቶ የሚያሳልፍ ቢሆን፣ የ70 ላስቲክ ሲለጠፍበት የሚያልፈው 56 በመቶ ብቻ ይሆናል። የፖሊሱ መለኪያ የሚለካው ሁለቱን አንድ ላይ ነው። ላስቲክ ለጣፊው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ ጥፋቱ የሚጻፈው በሾፌሩ ላይ ነው።

«ጥቁር መስታወት ፀሐይ ይከላከላል፣ ምን ጉዳት አለው?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ፀሐዩ እውነት ነው፤ በተለይ በበጋ ወደ ቴክሳስና ወደ አሪዞና ለሚሄድ ሰው ከባድ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉልን። ሾፌሩ ስፖኪዮውን የሚያየው በጎን መስታወቱ በኩል ነው። የጎን መስታወቱ ጠቆረ ማለት ስፖኪዮው ጠቆረ ማለት ነው። ማታ በዝናብ፣ ጠባብ መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በተሳቢው ጎን ብስክሌት የያዘ ልጅ ቢኖር የሚታየው በዚያች መስታወት ብቻ ነው። ያ ልጅ የእናንተ ወይም የእኛ ልጅ ሊሆን ይችላል። ፍላጎቱ ፀሐይን መከላከል ከሆነ የፀሐይ መነጽር አለ፤ ወደ ታች የሚታጠፈው የፀሐይ መከለያም አለ።

በመስታወት ላይ ስለሚንጠለጠለውና ስለሚለጠፈው ነገርም ቅር ሳትሰኙብን እንናገር። ባንዲራ፣ መቁጠሪያ፣ ሥዕል፣ የልጅ ፎቶግራፍ ሁሉ የሚወደድ ነገር ነው፤ ለብቻው መንገድ ለሚውል ሰው አጽናኝ ነው። ቦታው ግን የፊት መስታወቱ አይደለም። ደንቡ ከውስጥ በኩል እንዲለጠፉ የሚፈቅደው የፍተሻ ምልክትንና በሕግ የታዘዙ ምልክቶችን ብቻ ነው። እነሱም ቢሆኑ ከታች ወይም ከዳር ሆነው፣ ከመስታወቱ ግርጌ ከ4.5 ኢንች በላይ ሳይወጡ፣ የዝናብ መጥረጊያው ከሚደርስበት ቦታና ከሾፌሩ እይታ ውጭ መሆን አለባቸው። ካሜራና የመንገድ መምሪያ መሣሪያ ግን ይፈቀዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ማሻሻያ መሠረት መጥረጊያው ከሚጠርገው ቦታ ከላይኛው ጫፍ እስከ 8.5 ኢንች ዝቅ ብለው፣ ወይም ከታችኛው ጫፍ እስከ 7 ኢንች ከፍ ብለው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ የሾፌሩን እይታ ግን መጋረድ የለባቸውም። ባንዲራውንና ሥዕሉን ከመኝታው በኩል ስቀሉት፤ እዚያ ማንም አይነካባችሁም።

አሁን ደግሞ ስንጥቅ ለምን አይጠበቅም እንደምንል እንንገራችሁ። የፊት መስታወት ሁለት መስታወት ሲሆን መሐሉ ላይ ፕላስቲክ አለው። ጠጠር ሲመታው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የውጪው ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ጠጋኙ ምቱ ውስጥ ሙጫ መሳይ ፈሳሽ ሞልቶ ያደርቀዋል፤ ጊዜውም ወጪውም ትንሽ ነው። ችላ ከተባለ ግን ውሃና አቧራ ይገባበታል። ክረምት ላይ ውጪው በረዶ ሆኖ ውስጡ በማሞቂያ ሲግል መስታወቱ ይወጠራል። መንገዱም ያንቀጠቅጠዋል። ስንጥቁ ይሄዳል። አንዴ ከረዘመ መጠገኑ ቀርቶ ሙሉውን መቀየር ነው፤ ያኔ መኪናው ይቆማል፣ ጭነቱም ይቀራል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ስንጥቅ ሌላም ጠንቅ አለው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ሌሊትም የሚመጣው መኪና መብራት ሲያርፍበት፣ ስንጥቁ ብርሃኑን ይበትነውና ዐይን ያጭበረብራል። ቀን «ምንም አይልም» የተባለው መስታወት ማታ ሌላ መስታወት ነው።

«ፖሊሱ እኮ ሰበብ ሲፈልግ ነው፤ እኛን ሲያይ ያስቆማል» የሚል ክርክር እንሰማለን። ይህን ንግግር አናጣጥልም። ፈታሽም ሰው ነው፤ ይሳሳታል፣ ያዳላም ይሆናል። ታዲያ መልሱ ምንድን ነው? ሰበብ የሚፈልግ ሰው ካለ ሰበቡን ከፊት ለፊት፣ ያውም በመስታወት ላይ አድርጎ መሄድ ምን ይባላል? ፍሬን ከመኪና ሥር ነው፤ ፖሊሱ ካልጎነበሰ አያየውም። የተሰነጠቀ መስታወት ግን በሩቁ ይታያል። አንዴ ካስቆመ ደግሞ መብራቱን፣ ጎማውን፣ የሥራ ሰዓት መዝገቡን፣ መንጃ ፈቃዱን ሁሉ ያያል። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ በፍተሻ ጊዜ እንግሊዝኛው በቂ አይደለም የተባለ ሾፌር እዚያው ከሥራ እንዲቆም ይደረጋል። ከአገር ቤት በቅርብ የመጡ ወንድሞቻችን ይህ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚያሰጋቸው እናውቃለን። በመስታወት ምክንያት ወደዚህ ሁሉ ጣጣ መግባት ያሳዝናል።

ፈታሹ ተሳስቶ ከሆነ ደግሞ ዝም ማለት አይገባም። ነጠላ ስንጥቅ ሆኖ ሳለ ጥፋት ብሎ ከጻፈ፣ ወይም ምቱ ከፔኒ የማይበልጥ ከሆነ፣ ሾፌሩ እዚያው ፔኒዋን በምቱ ላይ ይዞ በስልኩ ፎቶግራፍ ያንሣ። ከዚያም ዳታ ኪውስ በሚባለው የመንግሥት መንገድ መዝገቡ እንዲታረም ማመልከት ይቻላል። መጨቃጨቅ ግን አያስፈልግም፤ ከፖሊስ ጋር መንገድ ዳር የተረታ ክርክር የለም። ማስረጃ ይዞ በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል።

ለባለመኪናዎቻችን ደግሞ ይህን እንላለን። ፍተሻ ላይ ጥፋት ከተጻፈ፣ ሾፌሩ ወረቀቱን ለእናንተ ማድረስ አለበት። እናንተም ጥፋቱን አርማችሁ፣ ከፍተሻው ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ፈርማችሁ ለጻፈው መሥሪያ ቤት መመለስ፣ ቅጂውንም 12 ወር ማስቀመጥ ግዴታችሁ ነው። «ወረቀቱ ጠፋ» አያዋጣም። መኪና ገዝቶ ለወገን ሥራ መክፈት የተከበረ ነገር ነው፤ ስንቱ ሰው በእናንተ መኪና ቤት ገዝቷል፣ ልጅ አስተምሯል። መኪና የቆመበት ቀን ገቢ እንደሌለው፣ ኢንሹራንሱና የባንኩ ዕዳ ግን እንደማይቆም እናውቃለን። ቢሆንም የመስታወት ወጪ የመኪናው ወጪ ነው፤ ከሾፌሩ ደመወዝ መቁረጥ ነውር ነው። «አድርሰህ ና» ብሎ ማስገደድም ነውር ብቻ ሳይሆን በሕግ የሚያስጠይቅ ነው።

ሾፌሮቻችን ይህን ሕግ እንዲያውቁት እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደኅንነቱ ያልተጠበቀ መኪና አልነዳም ያለ ሾፌር እንዳይባረርና እንዳይቀጣ ይከላከላል፤ የተባረረ ሰው በ180 ቀን ውስጥ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ባለድርጅትም ሆነ ብሮከር፣ ጫኝም ሆነ ተቀባይ፣ ሾፌሩን ደንብ እንዲጥስ ማስገደድ እንደማይችል የሚደነግግ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል፤ አቤቱታው በ90 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ለዚህም ሾፌሩ «ይህ ደንብ ይጥሳል፣ አልሄድም» ብሎ አስቀድሞ መናገር አለበት። በስልክ ከመናገር ይልቅ በጽሑፍ መልእክት መላክ ይሻላል፤ ጽሑፍ ይቀመጣል።

ይህን የጻፍነው ዘመድ ከዘመድ እንዲካሰስ ፈልገን አይደለም። ጋሼ የሚሉትን ሰው ከሶ ሰርግና ለቅሶ ላይ መገናኘት እንደሚከብድ እናውቃለን። ለዚህ ነው ነገሩ ወደዚያ ሳይደርስ በሰፈር ደንብ ይለቅ የምንለው። ስለዚህም የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ፤ ሾፌር ሁሉ ከመነሣቱ በፊት መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም ይይ። የቀኑ የጉድለት ማስታወቂያ ቅጽ ላይ ደንቡ በስም ከጠራቸው ዕቃዎች መሐል የዝናብ መጥረጊያና ስፖኪዮ አሉ፤ የፊት መስታወት ግን በስሙ አልተጠራም። ስለዚህ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ሁሉ እንዲጻፍ ደንቡ ስለሚያዝ፣ ስንጥቁንም ጻፉት።

2ኛ፤ ጠጠር በመታ ጊዜ ባለመኪናው ሾፌሩን ሳያስጠይቅ በዚያው ሳምንት ያስጠግን። ከመጠገኛው ጋር አስቀድሞ የተስማማ ሰው ጊዜ አያባክንም።

3ኛ፤ ባለመኪናና ሾፌር ሥራ ሲጀምሩ የመስታወት ወጪ የማን እንደሆነ በወረቀት ይጻፉ። በቃል የተባለ ነገር ሲከፋ ይካዳል።

4ኛ፤ ሥራውን የለመዱ ሾፌሮች ለአዲሶቹ ፔኒውንና ዶላሩን ይዘው መስታወት መመርመር ያሳዩአቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

5ኛ፤ ቤት ያለነውም ድርሻ አለን። «ቶሎ ና፣ ጭነቱን እንዳታሳልፍ» ከማለት በፊት «መስታወቱ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለመንገደኛ ስንቅ እንደምንቋጥርለት ሁሉ ይህችንም አንርሳ።

አንድ መስታወት ዋጋ አለው፤ ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ የሾፌሩ የ3 ዓመት ስም፣ የድርጅቱ የ2 ዓመት መዝገብና በመስቀለኛ መንገድ የሚሻገረው የሰው ልጅ ከአንድ መስታወት ዋጋ ይበልጣሉ። በዚህ እሁድ የምትወጡ ሾፌሮች፣ ፔኒዋን ይዛችሁ አንድ ጊዜ መስታወታችሁን ዙሩት። ባለመኪናዎችም ስልክ ሲደወልላችሁ «ስትመለስ» የምትለዋን ቃል ተዉልን።

መልካም መንገድ ለሁላችሁ።